በጎጃም ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይዞ መኖር

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በቡሬ በኩል እንጅባራ፣ ከዚያም ቻግኒን አልፎ ወደ ግልገል በለስ የሚወርድ መንገደኛ የኢትዮጵያን አራቱንም የቋንቋ ቤተሰቦች ሳይርቅ ያገኛቸዋል፦ ሴማዊውን አማርኛ፣ ኩሻዊውን አገውኛ፣ ኦሞአዊውን ሺናሻ፣ ናይሎ ሰሐራዊውን ጉሙዝ። መተከል ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቢሆንም ድሮ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር። ገበያውና ዝምድናው ዛሬም ወሰኑን ይሻገራል።

ይህ መመሪያ እዚህ ምድር ላይ በአንድ አንደበት ብቻ ለማይዘልቅ ሰው ነው፦ ለአዲስ መምህር፣ ለጤና ባለሙያ፣ ለእህል ነጋዴ፣ ከሌላ አገር ለተዳረች ሙሽራ፣ ልጁን በሁለት ቋንቋ ለሚያሳድግ ወላጅ።

የጎጃምን አማርኛ መስማት

አማርኛ አፍ የፈታ ሰው «እዚህ ምን የምማረው አለ?» ይላል። አለ። መጀመሪያ ጆሮ የሚያዘው የግሱ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ነበርኩ» የሚለውን ጎጃም «ሄድሁ፣ ሄድህ፣ ነበርሁ» ይለዋል። ልዩነቱ የሚታየው ከመድረሻው በፊት ያለው ፊደል ሳድስ ሲሆን ነው፦ ሄድ፣ ነበር፣ አደር። «በላሁ፣ መጣህ፣ ሰማህ» ግን እዚህም እዚያም አንድ ናቸው። ስለዚህ ጆሯችሁን በ«ነበር»፣ በ«አደር»፣ በ«ዋል»፣ በ«ሰነበት» ላይ አሠልጥኑ። የየዕለቱ ሰላምታ የሚመላለሰው በእነዚህ ነው፦ «እንዴት አደርህ፣ እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ሰነበትህ»።

ሁለተኛው «ከ» ነው። «ከቤት» ሲነገር «ኸቤት»፣ «ከዚያ» ደግሞ «ኸዚያ» ይሆናል። «እሺ» እና «ሺህ» ደግሞ «እሽ»፣ «ሽህ» ሆነው ይሰማሉ። ለአንድ ሳምንት በቀን ሩብ ሰዓት ያህል አንድ ሽማግሌ ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ የግሱን መጨረሻና «ኸ»ን ብቻ ተከታተሉ፤ የጨዋታውን ፍሬ ነገር ለመያዝ አትጨነቁ። በሁለተኛው ሳምንት ፍሬ ነገሩ ራሱ ይመጣል።

እንግዳ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው የሰማውን ወዲያው በራሱ አፍ ሲደግም ነው። «ኸ»ን እየጎተተ የሚያወራ አዲስ መጤ እንደ ቀልደኛ እንጂ እንደ ወዳጅ አይታይም። ሁሉን ስሙ፤ ወደ አፋችሁ ግን ሰላምታውንና የአክብሮቱን አጠራር ብቻ አስገቡ። ሌላው ከኖራችሁ ሳታስቡት ይገባል።

ለመምህራን አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን። ቃል ጽሕፈት ላይ «ኸቤት» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሰማውን በትክክል የጻፈ ልጅ ነው። «ስህተት» ብላችሁ ከምትሰርዙበት «በአፍ ኸ፣ በጽሑፍ ከ» በሉት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። «ነበርሁ» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ከነጭራሹ አትንኩበት፤ የቀድሞ መጻሕፍት የተጻፉበት ትክክለኛ አማርኛ ነው። በአነጋገሩ የተሳቀበት ልጅ እጁን ማውጣት ያቆማል፤ እንደገና ለማስጀመር ዓመት ይፈጃል።

አንቱታ

ጎጃም ውስጥ ለትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። ከከተማ የመጣ ሰው «እርስዎ»ን ስለለመደ «አንቱ» ሸካራ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ሙሉ ክብር ነው። ግሱ በሁለቱም አይለወጥም፦ «እንደምን አደሩ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ»። ለካህን «አባ»፣ ለቅኔ መምህር «የኔታ»፣ ለመነኩሲት «እማሆይ»፣ በዕድሜ ለሚበልጥ ገበሬ «አያ»፣ ለትልቅ ሴት «እትዬ» ወይም «እማማ» ማለት ያስኬዳል።

ከባዱ ጥፋት ሹሙን «እርስዎ»፣ ባላገሩን «አንተ» ማለት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ እንዲህ የተናገረ ሠራተኛ ባላገሩ ዘንድ ያለው ነገር ሁሉ በዚያው ያልቃል። ስለ ሌለ ሰው ስታወሩም «እሳቸው» የሚገባውን «እሱ» አትበሉ፤ ወሬው ባለቤቱ ጋ ይደርሳል።

አገውኛን መጀመር

በአዊ፣ ማለትም በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒና በዙሪያቸው፣ ባለቤቶቹ «አውጚ» የሚሉት አገውኛ ይነገራል። ጀማሪዎች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት በቃላት ዝርዝር ስለሚጀምሩ ነው። አገውኛ ውስጥ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንደሆነ፣ ከቀጣዩ ሐሳብ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚነግራችሁ ግሱ ነው፤ ቅርፁም ብዙ ነው። ሁለት መቶ ስም ሸምድዶ አንድ ግስ ማውረድ፣ ማለትም ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሱ እያሉ መደርደር፣ የማይችል ሰው ገበያ ላይ ዲዳ ነው።

መፍትሔው እዚሁ ጎጃም አለ፤ የቅኔ ቤት ዘዴ ነው። በዋሸራም በጎንጅም ተማሪው ግዕዝን የሚይዘው ግስ በማውረድ ነው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ እያለ በስምንቱ አርእስት፣ ማለትም ለሌሎቹ አርአያ በሆኑት ግሶች፣ በኩል ሌላውን ሁሉ ይፈታል። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላትን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ መቁጠር ማለትም መግጠም ይጀምራል፤ የኔታ ያርሙታል፣ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። ይህንኑ ለአገውኛ አድርጉት።

አንድ ቋሚ አስተማሪ ያዙ፤ ትዕግሥት ያላት የጎረቤት እናት ከተማረ ጎረምሳ ትሻላለች፤ ጎረምሳው ቶሎ ወደ አማርኛ ይዞራል። ደብተሩን ሦስት ዓምድ አድርጉት፦ የሰማችሁት፣ ትርጉሙ፣ የተነገረበት ሙሉ ዐረፍተ ነገር። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ቃሉን አታስገቡ። በሳምንት ሦስት ግስ ብቻ ውሰዱ፤ መጀመሪያ «መጣ»፣ «ሄደ»፣ «ሰጠ» ይሁኑ። እያንዳንዱን «እኔ መጣሁ፣ አንተ መጣህ፣ አንቺ መጣሽ፣ እሱ መጣ፣ እሷ መጣች፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ» እያላችሁ በቅደም ተከተል ጠይቁ። ኋላ «አልመጣሁም» በሉ፤ ከዚያ «እመጣለሁ»። «ቃሉ ምንድን ነው?» አትበሉ፤ «እኔ ነገ ገበያ እመጣለሁ ስትሉ እንዴት ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከማንም አፍ የማይወጣ ደረቅ ቃል ያስገኝላችኋል፤ ሁለተኛው ሕይወት ያለውን። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ ሁለት ዐረፍተ ነገር ራሳችሁ ሠርታችሁ ጠዋት አሳርሙ።

የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር አያስቸግርም፤ ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የሚገለበጠው «ከ፣ በ፣ ለ» ነው። አማርኛ ከስሙ ፊት የሚያስቀድማቸውን አገውኛ ከስሙ ኋላ ይቀጥላቸዋል። ስለዚህ ስትሰሙ የስሙን ጭራ አዳምጡ፤ «ወደ ገበያ» እና «ከገበያ» የሚለዩት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። «አውጚ» የሚለው ስም ራሱ ጥሩ መለማመጃ ነው። «አንገት» በሉ፤ ከ«ገ» በፊት ያለው «ን» ከጉሮሮ አካባቢ እንደሚመጣ ልብ በሉ። አሁን «አን...» ብላችሁ ምላሳችሁን ኋላ እንዳስጠጋችሁ «ገ»ን ሳታስወጡ አቁሙ። የቀረው ድምፅ በ«ጝ» የሚጻፈው ነው። ብዙ ሰው ስልክ ላይ ፊደሏን ስለማያገኛት «ኝ» ወይም «ንግ» ይጽፋል፤ ሁለቱም ሌላ ድምፅ ናቸው። ከአንድ ጽሑፍ ከ«ጘ» እስከ «ጞ» ቅዱና ስልካችሁ ማስታወሻ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ሲያስፈልግ እየቀዳችሁ ትለጥፋላችሁ።

ሌላው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። ፊደሉ አያሳየውም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚይዘው። አስተማሪዋ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ እንድትልላችሁ አድርጋችሁ በስልክ ቅዱ፤ ከዚያ ቃሉን ትታችሁ ዜማውን ብቻ አፋችሁን ዘግታችሁ በ«እም፣ እም» ተከተሉ። ዜማው ሲያዝ ቃሉን መልሱበት። በወረቀት ብቻ የተማረ ሰው ፊደሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አድማጩ ግራ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ገበያ ላይ

በቋንቋቸው ሰላም በሉ፤ ሒሳቡን ግን ሁለታችሁም በምትችሉት ቋንቋ አድርጉ። ሰላምታውን አውቃችሁ ቁጥሩን ሳታውቁ በአገውኛ ዋጋ መከራከር ያስከስራል። በአማርኛም ቢሆን አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው «ሠላሳ» እና «ስልሳ»፣ «ሰባት» እና «ሰባ» ይምታታሉ። «ሠላሳ» ስትሉ «ሦስት አሥር ብር» ብላችሁ ድገሙት፤ ወይም ብሩን እጅ ላይ ቁጠሩ። መስፈሪያም እንዲሁ ነው። «አንድ ጣሳ» ሲባል የትኛው ጣሳ እንደሆነ ዕቃውን አስይዛችሁ እዩ፤ መሬት በ«ቃዳ» ሲነገራችሁ በሄክታር ስንት እንደሚሆን አብራችሁ አስሉ።

ልጅ በሁለት ቋንቋ

ከሁለቱ አንዱን መንገድ ምረጡና ጽኑ። ወይ እናት በአገውኛ አባት በአማርኛ፣ ወይ ቤት በአገውኛ ውጭ በአማርኛ። የሚያፈርሰው መዋዠቅ ነው። ልጁ ለአገውኛ ጥያቄ በአማርኛ ይመልሳል፤ እናት ሳታስበው ወደ አማርኛ ትዞራለች፤ በዓመት ውስጥ ልጁ የሚሰማ እንጂ የማይናገር ይሆናል። ቁጣም አይጠቅምም። ልጁ በአማርኛ ያለውን እናት በአገውኛ አስተካክላ ትበልለትና ጨዋታዋን ትቀጥል። አያት ቤት የሚያሳልፈው አንድ ክረምት ብዙ ይጠግናል።

ሁለቱን ቢቀላቅል አትደንግጡ፤ የጎደለውን ቃል ከሌላው ቋንቋ መበደሩ ነው። ሁለት ቋንቋ አፍ አያዘገይም። የሚያውቃቸውን ቃላት ስትቆጥሩ የሁለቱንም ደምሩ። ሁለት ዓመት ሞልቶት በሁለቱም ምንም ካልተናገረ ግን ቋንቋውን ሳታመካኙ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ መስማቱም ይታይ።

ማስተርጎም ሲያስፈልግ

ጤና ጣቢያና ፍርድ ቤት ገና የለመዱትን ቋንቋ የሚሞክሩበት ቦታ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። ዘመድ ሲታሰር ይህንን ያወቀ ሰው ቶሎ ይጠይቅ።

ጤና ጣቢያ ላይ ልጅን ለእናቱ አስተርጓሚ አታድርጉት። እናት የማኅፀን ሕመሟን በልጇ አፍ አትናገርም፤ ልጁም የከበደውን ነገር ይዘለዋል። አዋቂ ሰው፣ ሴት ለሴት፣ ፈልጉ። የምትናገሩት ለታማሚዋ ነውና ዓይናችሁ እሷ ላይ ይሁን፤ «ራሷን ያማታል ወይ በላት» ሳይሆን «ራስሽን ያምሻል?» በሉ። አንድ ሐሳብ ተናግራችሁ ቁሙ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር በአንድ ላይ ከሰጣችሁት አስተርጓሚው የመሐለኛውን ይጥለዋል። መድኃኒት ስትሰጡ በሰዓት ቁጥር ብቻ አትንገሩ፤ «ቁርስ ከበላሽ በኋላ አንድ፣ ከእራት በኋላ አንድ» ብላችሁ ፍሬውን እጇ ላይ ለይታችሁ አስቀምጡ። «ገባሽ?» ብትሏት «አዎ» ትላለች። ይልቅ «ቤት ስትደርሺ እንዴት ነው የምትወስጅው?» ብላችሁ በራሷ ቋንቋ እንድትናገር፣ አስተርጓሚውም እንዲመልስላችሁ አድርጉ። ከተሳሳተ እንደገና ከፍሬው ጀምሩ።