ስፓይና ቢፊዳ ላለበት ሕፃን ሸንት መቼ? ሲወሰን በተደጋጋሚ የሚሠሩ ስህተቶች

በስፓይና ቢፊዳ ምክንያት ጀርባው ክፍት ሆኖ የተወለደ ሕፃን ጀርባው በተዘጋ ማግሥት የሁሉም ዓይን ወደ ጭንቅላቱ ይዞራል። ውሃው እየጨመረ ነው? ሸንት (ውሃውን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ) ይግባለት ወይስ እንጠብቅ? በአሜሪካ ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው የፅንስ ቀዶ ሕክምና ጥናት፣ ጀርባቸው ከተወለዱ በኋላ ከተዘጋላቸው ሕፃናት 82 በመቶው በ12 ወራቸው ሸንት ገብቶላቸው ነበር። በማህፀን ሳሉ ከተዘጋላቸው ግን 40 በመቶው ብቻ። በእኛ አገር ጀርባው የሚዘጋው ከወሊድ በኋላ ስለሆነ አብዛኞቹ ልጆች ይህ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። አብዛኞቹ ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም፤ ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ሸንት አንዴ ከገባ ልጁ አብሮት የሚያድግ ባዕድ ነገር ነው። ይደፈናል፣ ይበከላል፣ ይላቀቃል። ሸንት ከገባላቸው ሕፃናት ከ3 አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ተመልሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ዘግይቶ የገባ ሸንት ደግሞ የተጎዳውን አንጎል አይመልስም።

በአንድ ፎቶ መወሰን

ከሁሉም በላይ ልጆችን የሚጎዳው ይህ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ3ኛው ቀን ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ሪፖርቱ “ከፍተኛ ሃይድሮሴፋለስ” (በአንጎል ውስጥ የውሃ መጠራቀም) ይላል፣ ካርዱ ላይ “ለሸንት ይዘጋጅ” ተብሎ ይጻፋል። ጭንቅላቱን የለካ የለም፤ እርግብግቢቱን የነካም የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ብቻውን ልጁን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰደው።

የቬንትሪክሎች (በአንጎል ውስጥ ያሉ ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች) መስፋትና የግፊት መጨመር አንድ አይደሉም። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ አንጎል ከመጀመሪያውም አሠራሩ የተለየ ነው። የቬንትሪክሎቹ የኋላ ጫፍ ከፊተኛው ይልቅ ሰፍቶ መታየቱ በእነዚህ ልጆች የተለመደ ሲሆን፣ ግፊት ሳይኖር ዕድሜ ልክ እንዲሁ ሊቆይ ይችላል። ሰፋ ያሉ ቬንትሪክሎች ይዘው ያለ ሸንት ደህና የሚያድጉ ልጆች አሉ። ውሳኔ የሚሰጠው ለውጡ ነው፤ ለውጥን ደግሞ አንድ ፎቶ ሊያሳይ አይችልም። ሁለት ምስል ያስፈልጋል፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ የተለኩ። የቬንትሪክሎቹ የፊተኛውና የኋለኛው ቀንዶች (ጫፎች) ስፋት ተደምሮ ከአንጎሉ ስፋት እጥፍ ጋር ሲነጻጸር በጤናማ ልጅ 0.37 አካባቢ ይሆናል። ይህን ቁጥር በየምርመራው ካርዱ ላይ መጻፍ “በጣም ሰፍቷል” ብሎ ከመጻፍ እጅግ ይሻላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ሐኪም “በጣም” ምን ያህል እንደነበር ማወቅ አይችልምና።

ለዚህ ሲቲ ስካን አያስፈልግም። እርግብግቢቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ አልትራሳውንድ ይበቃል። ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ አልጋው ድረስ ይመጣል፣ በሳምንት ሁለቴም ቢደገም ልጁን አይጎዳውም።

ጭንቅላትን በግምት መለካት

ሥራው ቀላል ስለሚመስል ለማንም ይተዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚበላሸው ለዚህ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል፤ የማይለጠጥ የፕላስቲክ ወይም የወረቀት ሜትር ያዙ። የሕፃኑን ኮፍያ አውልቁ፤ እናቲቱ እርግብግቢቱ ላይ ቅቤ አድርጋ ከሆነ ሜትሩ እንዳይንሸራተት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ሜትሩ ከፊት ከቅንድብ በላይ፣ በጎን ከጆሮዎቹ በላይ ያልፍና ከኋላ በጣም ወጣ ባለው የጭንቅላት ክፍል ላይ ይዞራል። ቆዳውን ጠበቅ አድርጎ እንጂ ገብቶበት መሆን የለበትም። 3 ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር እስከ ሚሊ ሜትር ጻፉ። 37.4 የሆነውን 37 ብሎ መጻፍ የአንድ ሳምንት እድገት ሊሰውር ይችላል። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ሰው በአንድ ሜትር ይለካ።

የመጀመሪያው ልኬት ጀርባው ከመዘጋቱ በፊት ይወሰድ። ከዚያ በኋላ ልጁ ተኝቶ እስካለ በየቀኑ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቢያንስ እስከ 3 ወሩ በየሳምንቱ። ጀርባው ክፍት ሳለ ፈሳሹ በዚያ ይወጣ ነበር፤ ሲዘጋ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በተወለደ ቀን ልኩ ደህና የነበረ ጭንቅላት ከተዘጋ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መሮጥ ሊጀምር ይችላል።

በጊዜው የተወለደ ጤናማ ሕፃን ጭንቅላት ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር፣ ከ3 እስከ 6 ወር በወር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በሳምንት 1 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የጨመረ ጭንቅላት ተጠርጣሪ ስለሆነ በቀናት ውስጥ እንደገና መታየት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ጀርባቸው ክፍት ሆኖ የሚወለዱ አንዳንድ ልጆች ጭንቅላታቸው ሲወለዱ ከአማካይ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከእድገት መከታተያ ካርዱ ታችኛው መስመር ተነስቶ በ5 ሳምንት ውስጥ 75ኛው መስመር (ከ100 ልጆች 75ቱ ከሱ በታች የሚሆኑበት) ላይ ቢደርስ፣ ካርዱን ለሚያይ ሰው “ኖርማል” ይመስላል። ኖርማል አይደለም፤ መስመሮቹን ሁሉ ሰንጥቆ ወጥቷል። የሚታየው ነጥቡ ያረፈበት ቦታ ሳይሆን ነጥቦቹ ሲገናኙ የሚሠሩት አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው አንድ መስመር ተሻግሮ ከዚያ ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን መሄድ የጀመረ ልጅ መጠበቅ ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደውን በተስተካከለ ዕድሜው (ሊወለድ ይገባው ከነበረበት ቀን በተቆጠረው)፣ ወንዱን በወንድ ካርድ፣ ሴቷን በሴት ካርድ ላይ አስቀምጡ።

የሚያለቅስና የተኛ ሕፃን እርግብግቢት መዳሰስ

የሚያለቅስ ሕፃን እርግብግቢት ሁልጊዜ ይወጠራል። ጡት ይዞ ጸጥ ሲል ቀጥ አድርጋችሁ አቅፋችሁ ዳስሱት። ቀና ብሎ፣ ሳያለቅስ፣ ከአጥንቱ በላይ ካበጠ እውነተኛ ምልክት ነው።

ፀሐይ ጠለቅ ዓይንን መጠበቅ

ዓይኖቹ ወደ ታች ወርደው ነጩ ከላይ እስኪታይ የሚጠብቁ አሉ። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልገጠሙ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ብዙ ፈሳሽ ተጠራቅሞም ልጁ እየጠባ፣ እየሳቀ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ በሙሉ እስኪሟላ ብዙ ጊዜ ይባክናል።

ሳይቸኩሉም ሳይዘገዩም ለመወሰን፣ ከላይ የተጠቀሰው ጥናት የተጠቀመበት መለኪያ ጥሩ መነሻ ነው። ከነዚህ 4 ነገሮች ቢያንስ 2ቱ ሲገኙ ሸንት ይታሰባል፤ መስመር እየተሻገረ ያለና ያልረጋ የጭንቅላት እድገት፤ ያበጠ እርግብግቢት ወይም የተለያዩ የራስ ቅል መገጣጠሚያዎች ወይም ፀሐይ ጠለቅ ዓይን፤ በተከታታይ ምስሎች እየሰፉ የመጡ ቬንትሪክሎች፤ ከ95ኛው መስመር በላይ የሆነ ጭንቅላት። ከዚህ ውጭ ብቻቸውን የሚበቁ አሉ። ከሰፉ ቬንትሪክሎች ጋር የመጡ የኪያሪ (የኋለኛው አንጎል ወደ አንገት መውረድ) ምልክቶች፣ ከሰፉ ቬንትሪክሎች ጋር በህብለ ሰረሰር ውስጥ የተጠራቀመ ብዙ ፈሳሽ፣ እንዲሁም ከተሰፋው ጀርባ አልቆም ያለ ፈሳሽ ወይም የስፌቱ ቦታ ማበጥ።

የኪያሪን ምልክት ጉንፋን ማለት

ሲተነፍስ የሚያፏጭ፣ ድምፁ የደከመ፣ ሲጠባ ትን የሚለው፣ እየጠቆረ ትንፋሹ ለሰከንዶች የሚቆም ሕፃን ስፓይና ቢፊዳ ካለበት፣ በሌላ መንገድ እስኪረጋገጥ ድረስ የአንጎሉ ግንድ ተጨንቋል ብላችሁ ውሰዱት። ይህ ልጅ አንቲባዮቲክ ተጽፎለት ወደ ቤት መሄድ የለበትም። በዚያው ቀን ቬንትሪክሎቹ ይታዩ፤ ሸንት ካለው ሸንቱ መሥራቱ ይረጋገጥ። የአንገቱን አጥንት ከፍቶ ኪያሪውን ስለማላቀቅ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የተደፈነ ሸንት እያለ አንገት መክፈት ልጁን ለሁለተኛ አደጋ ያጋልጠዋል።

የሚያፈስ ጀርባን እንደገና መስፋት ብቻ

ስፌቱ ሲያፈስ ክር መጨመር፣ ፋሻ ማጥበቅ፣ ልጁን በሆዱ አስተኝቶ መጠበቅ የተለመደ ነው። ቆዳው በደንብ ተሰፍቶ እያለ ፈሳሽ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚገፋው ከላይ ነው። ጭንቅላቱ ገና ስላልጨመረ “ሃይድሮሴፋለስ የለውም” ማለት አይቻልም፤ የማይጨምረው በጀርባው እየፈሰሰ ስለሆነ ነው። የሚፈስ ጀርባ ለባክቴሪያ በር ነውና ውሳኔው ለቀጣይ ሳምንት አይተላለፍም።

በተበከለ ፈሳሽ ውስጥ ሸንት ማስገባት

ጀርባው ከተወለደ በ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ቢዘጋ ይመረጣል። ከሩቅ የሚመጡ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ ከረጢቱ ፈንድቶ ይደርሳሉ። ትኩሳት ያለው፣ መጥባት የተወ፣ ጀርባው የቆሸሸ ልጅ ፈሳሹ ሳይመረመር ሸንት አይገባለትም። ናሙናው በእርግብግቢቱ በኩል ከቬንትሪክል ይወሰድ፤ ከወገብ በፍጹም አይወሰድም። በእነዚህ ልጆች ህብለ ሰረሰሩ ወደ ታች ወርዶ ይገኛል፣ ከላይ ደግሞ ኪያሪ አለ። ናሙናው ከተበከለ ግፊቱ በጊዜያዊ የውጭ ማፍሰሻ ይያዝ፣ አንቲባዮቲክ ይሰጥ፣ ሸንቱ ካልቸሩ (የፈሳሹ የባክቴሪያ ምርመራ) ንጹሕ እስኪሆን ይጠብቅ። በየቀኑ በእርግብግቢቱ መርፌ እየከተቱ ማፍሰስ መፍትሔ አይደለም፤ እያንዳንዱ ውግታ አንጎሉን ይበሳል፣ ብክለትም ያስገባል።

አሴታዞላማይድ ሰጥቶ መጠበቅ

ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት ውሃ በተጠራቀመባቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ይህ የፈሳሹን መመንጨት የሚቀንስ መድኃኒት ከፉሮሴማይድ ጋር ተሰጥቶ ሸንትን አላስቀረም፤ ውጤቱም ካልወሰዱት የከፋ ነበር። ለስፓይና ቢፊዳ ልጅም ጊዜ ከማባከን አያልፍም።

ሸንት ብቸኛ ምርጫ ነው ማለት

በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ በሚገኘው ኪዩር ሆስፒታል ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ሁለት ነገሮችን አጣመረ። በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) የሦስተኛውን ቬንትሪክል ወለል መብሳትና ፈሳሹን የሚያመነጨውን ክፍል ማቃጠል። በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት፣ ስፓይና ቢፊዳ ካለባቸው ከአንድ ዓመት በታች ሕፃናት መካከል በጥምረቱ 76 በመቶው ከሸንት ድነዋል፤ መብሳት ብቻ ሲደረግ 35 በመቶው ነበሩ። ሸንቱ ቢደፈን በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ጋ መድረስ ለማይችል ልጅ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። የሠለጠነ እጅና መሣሪያ ይጠይቃል፤ ባለበት ግን ለቤተሰቡ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቬንትሪክሎቹ ሰፊ ሆነው ይቆያሉ። ፎቶ አይታችሁ “አልሠራም” ብላችሁ ሸንት አታስገቡ። የጭንቅላቱ እድገት ወደ ልኩ ተመልሷል? እርግብግቢቱ ለስልሷል? እነዚህን እዩ። ካልሠራ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ያስታውቃል፤ በእነዚያ ወራት ልኬቱ አይቋረጥ።

“ደህና ነው፣ ይዘሽው ሂጂ” ብሎ መሸኘት

ገና ሸንት አያስፈልገውም የተባለ ልጅ ክትትሉ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። እናቲቱ ሜትር፣ የልኬት ወረቀትና የመጨረሻውን ቁጥር ይዛ ትውጣ። ወደ ሆስፒታል በየሳምንቱ መመላለስ የማትችል ከሆነ በአቅራቢያዋ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንድትለካ አለካኩን በጽሑፍ ላኩላት። እናቲቱን እንዲህ በሏት፦ “በሳምንት 1 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ መጥባት ከተወ፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ ወይም ጀርባው ከፈሰሰ በዚያው ቀን ይምጡ።” ሳትሸኙ መልሳ ትንገራችሁ። አባትየው ወይም አያትየው አብረው ከመጡ እነሱም ይስሙ፤ በሌሊት መኪና የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።

አብዛኞቹ ውሳኔዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልቃሉ። ዓመቱን ያለ ሸንት የደፈነ ልጅም ከክትትል አይወጣም። እርግብግቢቱ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ሲዘጋ ምልክቶቹ ይለወጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ስለ ራስ ምታት፣ ጠዋት ጠዋት ስለሚመጣ ማስመለስ፣ ይሠራ የነበረውን ስለመተው፣ አዲስ ስለመጣ የእግር ድካም፣ ስለ ጀርባ መጣመምና ስለ ሽንት መለዋወጥ ነው።