ሮቦቱ ሳይበላሽ ነጥብ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቡድኖች

ተማሪዎች በሌጎ በሠሩት ሮቦት ለሚወዳደሩበት ለፈርስት ሌጎ ሊግ የሚዘጋጅ ቡድን ነጥብ ሲያጣ አስቀድሞ የሚወቅሰው ሮቦቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጉድለቱ የጨዋታው ዕቅድና የሮቦቱ አሠራር አለመጣጣማቸው ነው።

ምልክት፦ እያንዳንዱ ተልእኮ፣ ማለትም ሮቦቱ በሜዳው ላይ ፈጽሞ ነጥብ የሚያገኝበት ሥራ፣ ለብቻው ሲሞከር ይሳካል፤ በሙሉ ጨዋታ ግን ግማሹ ሳይነካ ሰዓቱ ያልቃል።

መንስኤ፦ ጨዋታው 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ቡድኑ ለየተልእኮው የተለየ ተቀጥላ (በሮቦቱ ላይ የሚገጠም መሣሪያ) ሠርቷል። አንዱን ፈትቶ ሌላውን መግጠም 15 ሰከንድ ቢወስድና ይህ 5 ጊዜ ቢደጋገም፣ 75 ሰከንድ፣ ማለትም የጨዋታው እኩሌታ፣ ሮቦቱ እንደቆመ ያልፋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

መፍትሄ፦ ተልእኮዎቹን በነጥባቸው ብቻ ሳይሆን በሜዳው ላይ ባላቸው ቅርበት መድቡ፤ በአንድ ጉዞ ሁለት ሦስቱን የሚፈጽም፣ በፒን (በሌጎ ማያያዣ) ከመጥበቅ ይልቅ ከላይ ወርዶ በክብደቱ የሚቀመጥ ተቀጥላ ሥሩ። ከዚያም የእያንዳንዱን ጉዞ ነጥብ፣ የመለወጫውን ጊዜ ጨምራችሁ፣ ለሚወስደው ሰከንድ አካፍሉት፤ ዝቅተኛው፣ ምንም ያህል ቢለፋበት፣ ይቅር። የሠራው ልጅ ቅር ይለዋል፤ ስሌቱን ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ግን ከክርክር ይሻላል።

ምልክት፦ ክንዱ ከባዱን ዕቃ ያነሳል፤ ሮቦቱ ግን ወደ ፊት ይደፋል ወይም ይንቀራፈፋል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ባለ 12 ጥርስ ማርሽ ባለ 36ቱን ሲያዞር ጉልበቱ ወደ ሦስት እጥፍ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ግን ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ ይህን ቅነሳ ለክንዱ እንጂ ለጎማው አታድርጉት፤ ክብደቱንም ወደ ታችና ወደ ኋላ መልሱት። ለአንድ ተልእኮ ብቻ የሚያገለግል ከባድ ክንድ ግን ከነጭራሹ ቢወገድ እመርጣለሁ።

ምልክት፦ ትናንት የተሳካው ጉዞ ዛሬ ይስታል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ጎማው አቧራ ይዟል፣ የክፍሉ ብርሃን ተለውጧል፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪው አልሞላም። ጎማውን ጥረጉ፤ የቀለም ሴንሰሩን በዕለቱ ብርሃን እንደገና አስተካክሉ፤ በአናጺ የተሠራውን ጠረጴዛም በውሃ ልክ ፈትሹ። ሮቦቱ ረጅም ርቀት በግምት ከሚሄድ ይልቅ በየመሃሉ የሜዳውን ግድግዳ ተደግፎ አቅጣጫውን እንዲያርም ፕሮግራም አድርጉት። ከሦስቱ ይፋዊ ዙሮች ከፍተኛው ነጥብ ስለሚያዝ ድፍረት አይከለከልም፤ የሚያጠራጥረው ተልእኮ ግን አስተማማኞቹ ካለቁ በኋላ፣ በመጨረሻው ጉዞ ይሞከር።