ከሰልባጅ ክምር የሚወጣ ስጦታ፦ ምን እንምረጥ፣ እንዴት እንሥራ

በእጅ የተሠራ ስጦታ ሲነሣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ እጁ ነው። "እኔ እኮ እጄ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንም" ይላል። ለዓመታት ስሠራ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ዕቃው ሲመረጥ ነው። ጥሩ ሱፍ፣ ወፍራም ብርጭቆ፣ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ካገኛችሁ ቀላል ስፌት እንኳ ያምርበታል። የማይረባ ጨርቅ ላይ ሳምንት ሙሉ ብትለፉ ግን ያው የማይረባ ጨርቅ ነው። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበትን ቦታ የምወደው ለዚህ ነው። አዲሱን ልግዛ ቢሉት ኪስ የሚያራቁት ሱፍ እዚያ ማንም ሳያየው ተቆልሎ ይገኛል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ግን ስም ጻፉ። የዕቃ ሳይሆን የሰው ስም። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ወይም የሚቸግረውን አንድ ነገር አስፍሩ። "እግሩን ይበርደዋል።" "ማታ ማታ ትጽፋለች።" "መነጽሯ ሁሌ ሲጫጫርባት ትናደዳለች።" ይቺ ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ከሌለች የሚያምር ነገር ሁሉ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባና፣ ለማን እንደሆነ የማታውቁትን ዕቃ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። ወረቀቷ ካለች ግን ያው ክምር ሌላ ይመስላል። ሹራቡን ስታዩ ሹራብ አይታያችሁም፣ የእገሌ እግር ነው የሚታያችሁ።

ሜትር ያዙ። ጨርቅ ስታነሡ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፣ የሳሳው ቦታ ወዲያው ይለያል። የሸሚዝ አንገትጌ፣ ክርንና ብብት ሳይታይ አይገዛም። ብብት ላይ የቆየ ቢጫ ነገር ብታጥቡትም አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም፤ ግን ብብቱን ቆርጣችሁ የምትጥሉት ከሆነ ችግር የለውም። ሽታውንም አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ጨርቅ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ስፌቱ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ትኋን ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ያህል ቢያምር እዚያው ተዉት።

ስኒና ሳህን ከሆነ በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ። ደግሞ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በድሮ ጊዜ የተሠሩ ቀለም የተቀቡና ያጌጡ የሸክላ ዕቃዎች ቀለማቸው ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። በዓይን አይለይም። ስለዚህ ዕድሜውን የማታውቁትን ዕቃ ለምግብ ወይም ለመጠጥ ብላችሁ አትስጡ። ለሻማ፣ ለአበባ፣ ለጌጥ ማስቀመጫ ይሁን።

ቤት እንደገባችሁ መጀመሪያ ማጠብ ነው። ጥጥ በሙቅ ውሃ ይታጠብና ይድረቅ፤ የሚሰበሰብ ከሆነ ሳትቆርጡት ይሰብሰብ። ሱፍ ብል ሊኖርበት ስለሚችል በፌስታል አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ከቁምሳጥናችሁ ጋር ሳይገናኝ በፊት። የብርጭቆ ላይ ወረቀት አልላቀቅ ካለ ግማሽ ሰዓት በሙቅ ውሃና ሳሙና ዘፍዝፉት፤ የቀረውን ሙጫ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል ደባልቃችሁ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ እሹት። ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ሱፍ ሹራብ

ለጀማሪ ከሁሉም የምመርጠው ይሄን ነው። የሱፍ ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፉና ሹራቡ ተኮማትሮ ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይሆናል። ሰው በስህተት ሹራቡን አበላሸሁ ብሎ የሚያዝንበት ነገር ለእኛ ዋናው ጥቅም ነው። ምክንያቱም እንደዚያ የሆነ ሱፍ እንደፈለጋችሁ በመቀስ ብትቆርጡት ጠርዙ አይተረተርም። ጠርዝ ማጠፍ የለ፣ ምን የለ።

የውስጥ ምልክቱ ላይ 100% ሱፍ የሚል ፈልጉ። በማሽን ቢታጠብ እንዳይኮማተር ተደርጎ የተሠራ ሱፍ አለ፣ እሱ አይሆንም። ምልክቱ ከተቀደደ ከውስጥ በኩል አንድ ክር መዛችሁ ሳህን ላይ ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሠራ ፕላስቲክ አለበት፣ ተዉት።

ሹራቡን አሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት። ካላሰራችሁት ብናኙ ማሽኑን ይዘጋል። ከአንድ ሁለት ጂንስ ጋር በ60 ዲግሪ አጥቡት፣ ጂንሱ ያሸዋል። አውጡና እዩት። የሹራቡ ዓይኖች አሁንም የሚለዩ ከሆነ ድገሙት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ማሽን ከሌለ በሙቅ ውሃና ሳሙና በእጅ ማሸት ነው፤ ያደክማል፣ ግን ይሆናል።

እግሩን ለሚበርደው ሰው የጫማ ውስጥ ንጣፍ ሥሩ። የጫማውን ቁጥር ጠይቁ፣ ወይም ጫማው ውስጥ ያለውን ንጣፍ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ አስምሩት። ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ ደርቡና ዙሪያውን በእጅ ስፉት። አለቀ። መነጽሯ ለሚጫጫርባት ደግሞ እጅጌው ራሱ ስፌት የጨረሰ ከረጢት ነው። ከእጅ አንጓው በኩል 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ስፉት፣ የእጅ አንጓው ጠርዝ አፍ ይሆናል። መነጽሩ የሚገባ መሆኑን ግን ሳትሰፉ በፊት ሞክሩት።

የስኒ ሻማ

ይሄን ሁሉም ይሠራዋል፣ ብዙውም አይነድም። የሚበላሸው ሰሙ አይደለም፣ ክሩ ነው። ስኒው ሰፊ ሆኖ ክሩ ቀጭን ከሆነ ነበልባሉ መሐል ላይ ጉድጓድ ይቆፍርና ራሱን ሰም ውስጥ ያሰጥማል። ስለዚህ የሻማ ክር ስትገዙ የስኒያችሁን ስፋት ለክታችሁ ሂዱ፤ ለየትኛው ስፋት እንደሚሆን ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። አፉ ከታቹ በጣም የሚሰፋ ስኒም አትምረጡ። አንድ ጊዜ የማታይ ስንጥቅ ያላት ስኒ ውስጥ ትኩስ ሰም ቀድቼ ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተከፍላለች። ማንኳኳቱን የማልዘለው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጠኑን ለማወቅ ስኒውን እስከምትፈልጉት ድረስ ውሃ ሙሉና ውሃውን ለኩ። 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ከያዘ 180 ግራም ያህል ሰም ይበቃዋል። ከዚያ ስኒውን በደንብ አድርቁ። የሶያ ሰም ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ዕቃውም በሳሙና ይታጠባል። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። ውሃ የያዘ ድስት ጣዱ፣ ሰሙን በሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ውሃው ላይ አስቀምጡት። አጠገቡ ቁሙ። ስልክ ቢጠራ እሳቱን አጥፍታችሁ ሂዱ። ሰም እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም፤ ውሃ እሳቱን ይረጨዋል። እሳቱን ማጥፋትና በክዳን መክደን ብቻ።

የክሩን ታች በጠብታ ሰም ስኒው መሐል ላይ አጣብቁት። ላዩን በልብስ መቆንጠጫ ይዛችሁ መቆንጠጫውን ስኒው አፍ ላይ አጋድሙት፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሽታ የምትጨምሩ ከሆነ ለሻማ የሚሸጠውን ተጠቀሙ፤ ለ180 ግራም 10 ግራም ያህል ይበቃል። በዛ ማለት ሸተተ ማለት አይደለም፣ ይጤሳል እንጂ። ሰሙ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። አትነቅንቁት፣ ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት። ሲደርቅ ክሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። የሶያ ሰም አንድ ሁለት ሳምንት ሲያርፍ ሽታው ይሻሻላል፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ሥሩት። ስትሰጡ አንዲት ወረቀት አብራችሁ ስጡ፦ የመጀመሪያው ቀን ሰሙ እስከ ጠርዙ እስኪቀልጥ ይንደድ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ግን አይቆይ፣ ማንም ሳይኖር አይተው።

ደብተር

ማታ ማታ ለምትጽፈው። ይሄ ስጦታ ልቤን ይነካኛል፣ ምክንያቱም ባዶ ደብተር መስጠት ጻፊ ማለት ነው።

ስምንት ባለ A4 ወረቀት እጠፉ። 32 ገጽ ይወጣዋል። ለሽፋን ወፍራም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያለፈበት ካርታ፣ የድሮ የግድግዳ ካላንደር፣ የፋይል ክላሰር ካርቶን፣ ማንኛውም ታጥፎ የማይሰነጠቅ ነገር ይሆናል። ዓይናችሁ የወደደው ካርታ ቀጭን ከሆነ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፉትና ከመጽሐፍ በታች አድርጋችሁ አሳድሩት።

ሽፋኑን አልብሳችሁ መሐሉን ገልጣችሁ እጥፋቱ ላይ ሦስት ቦታ በወስፌ ብሱ። አንዱ መሐል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። 55 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ክር ውሰዱና በሻማ ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ጎትቱት። ሰሙ ክሩን ያጠነክረዋል፣ አይቋጠርም። አሁን ከውስጥ በመሐለኛው ቀዳዳ አስወጡ፣ ጫፉን በጣታችሁ ያዙት። ከውጭ በላይኛው አስገቡ። ውስጥ መሐለኛውን ዘላችሁ በታችኛው አስወጡ። በመሐለኛው መልሳችሁ አስገቡ። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች መሐል ላይ ተገናኝተዋል። ውስጥ ከላይኛው ወደ ታችኛው ቀዳዳ ያለፈውን ረጅም ክር በመሐላቸው አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ፣ ትርፉን ቁረጡ። ክሩን ስትጎትቱ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይሁን፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። በመጨረሻ የተንሸራተቱትን የገጾቹን ጠርዝ በብረት ማስመሪያና በስለት አስተካክሉ። አንዱን ለመስፋት አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ሥሩና በሪቫን አንድ ላይ እሰሯቸው።

የሸሚዝ ትራስ

ባለ ቁልፍ የወንድ ሸሚዝ ለትራስ ልብስ ከመሆን የተሻለ ዕጣ የለውም። ዚፕ መግጠም አያስፈልግም፣ ቁልፎቹ ራሳቸው መክፈቻ ናቸው። ሸሚዙን ካውያ አድርጉ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፉ፣ አንሶላ እንደምታነጥፉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ለ40 በ40 ትራስ 43 በ43 የሆነ ካሬ ካርቶን ላይ ቁረጡና ሸሚዙ ላይ አስቀምጡት፤ የቁልፉ መስመር መሐል ላይ እንዲውል፣ የደረቱም ኪስ ሙሉ በሙሉ ካሬው ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ። ኪሱን ስፌት ከቆረጠው ያስቆጫል። ቁልፍ ጠርዙ አጠገብ ከወደቀም መርፌው ይመታዋል፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ፊትና ጀርባውን አንድ ላይ ቆርጣችሁ የውጭ ፊታቸውን ገጥማችሁ አራቱንም ጎን ከጠርዙ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ከመስፋታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቁልፍ ፍቱ፣ አለዚያ መገልበጫ አይኖራችሁም። ማዕዘኖቹን ከስፌቱ ሳትደርሱ ቁረጡና ገልብጡ።

ይሄን የተማርኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ሸሚዞቹን ለሰው ለመስጠት እናቴ አልሆነላትም፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅለው ማየቱም ከበዳት። ሰማያዊ መስመር ያለውን ወሰድኩ። አላጠብኩትም ልላችሁ ነበር፣ አጥቤዋለሁ፤ አንገትጌውን ግን ከመቁረጤ በፊት ብዙ ቆሜያለሁ። ትራሱ ሲያልቅ የደረት ኪሱ በግራ በኩል፣ እሱ እስክሪብቶ ይሰካበት የነበረው ቦታ ላይ እንዳለ ቀረ። አጭር ደብዳቤ ጻፍኩና ኪሱ ውስጥ ከተትኩት። ለእናቴ ስሰጣት ደብዳቤ እንዳለ አልነገርኳትም። ከሦስት ቀን በኋላ ደወለችልኝ።