ቃሉ ራሱ ትርጉሙን እንዲያሳይ አድርጎ መጻፍ፦ እንዴት እንደሚሠራ

«ተንጠለጠለ» ብለን ስንጽፍ ፊደላቱ በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ የተንጠለጠለ ነገር አይታይም። በታይፖግራፊ (በፊደል አቀማመጥና ንድፍ) ትምህርት የተለመደ አንድ መልመጃ አለ፦ ሥዕል ሳይጨመር፣ በፊደላቱ አቀማመጥና ቅርፅ ብቻ የቃሉን ትርጉም ማሳየት። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

መጀመሪያ ቃል ምረጡ። ለጀማሪ ግስ ይመቻል። ወደቀ፣ ጠበበ፣ ተራራቀ፣ ተደረበ የሚሉት ሲነገሩ እንቅስቃሴያቸው ይታያል። «ፍቅር»ን እና «ሰላም»ን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ልብና ርግብ ያስሥሏችኋል።

ቀጥሎ ራሳችሁን ገድቡ፦ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ፎንት። መቀየር የምትችሉት መጠን፣ ውፍረት፣ ክፍተት፣ ቦታና ዘንበል ማለትን ብቻ ይሁን። አሜሪካዊው የፊደል ንድፍ ባለሙያ ኸርብ ሉባሊን በ1965 እ.ኤ.አ. «እናትና ልጅ» ለሚል ርዕስ በሠራው ንድፍ፣ እናት በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (Mother) ውስጥ ባለችው ክብ ፊደል (o) ሆድ ውስጥ «ልጅ»ን አስገባ። የቀሩትን ፊደላት እንዳሉ ተዋቸው። ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው።

የላቲኑን ዘዴ እንዳለ ወደ ፊደላችን ማምጣት ግን ያሳስታል። እኛ ዘንድ አናባቢው የሚለየው በእግር ርዝመትና በትንሽ ጭረት ነው። «ሰበረ»ን ለማሳየት የ«በ»ን ግራ እግር ብትቆርጡ «ሰባረ» ተብሎ ይነበባል! ስንጥቁ አናቱ ላይ ቢሆን ይሻላል። «ሰባራ» በሚለው ቃል ግን «ባ» ከመነሻው አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ወደ አጭሩ በኩል ትንሽ ማዘንበል ይበቃል። «ጠበበ»ንም እዩት፦ ባለ ሦስት እግሩ «ጠ» ቀድሞ ባለ ሁለት እግሮቹ ይከተሉታል፤ ቃሉ ሳትነኩት መጥበብ ጀምሯል። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ፊደል በትልቁ ጽፋችሁ እግሩን፣ አንገቱንና ሆዱን አስተውሉ።

አሁን ወደ «ተንጠለጠለ» እንመለስ። በትንንሹ ብዙ ንድፍ ሞክሩ። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ «ተን» ከላይ በመስመሩ ላይ ይቀመጥ፤ «ጠለጠለ» ከ«ን» ሥር አንድ በአንድ ወደ ታች ይውረድ። ፊደሎቻችን እንደ ዐረብኛ ተያይዘው ስለማይጻፉ ወደ ታች ቢደረደሩም ይነበባሉ፤ የ«ጠለ» መደጋገምም ሰንሰለት ይሠራል። ወሳኙ በ«ን» እና በመጀመሪያው «ጠ» መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሊነካካ እስኪቃረብ ካላጠበባችሁት ቃሉ የተንጠለጠለ ሳይሆን የወደቀ ይመስላል። የመጨረሻውን «ለ» በጥቂቱ አዘንብሉት።

ንድፉ ሲያጠግባችሁ ወደ ኮምፒውተር ውሰዱት። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንትና ኢንክስኬፕ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም ሁለቱም ነፃ ናቸው። ቃሉን ከጻፋችሁ በኋላ ሺፍት (Shift)፣ ኮንትሮል (Ctrl) እና ሲ (C) የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን ጽሑፉን ወደ ቅርፅ ቀይሩ፤ ከዚያ ፊደላቱን ነጣጥላችሁ አንቀሳቅሱ። ከተቀየረ በኋላ እንደ ጽሑፍ ስለማይታረም መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጡ።

በመጨረሻ ሐሳቡን ለማያውቅ ሰው አሳዩ። «ያምራል?» ሳይሆን «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቃሉን ለማንበብ ከተቸገረ ለውጡን ቀንሱ። በቴምብር መጠንም አትማችሁ እዩት፤ ያቺ ጠባብ ክፍተት ተደፍና ከተገኘች ለትንሹ መጠን ትንሽ ሰፋ ያለች ሌላ ቅጂ አዘጋጁ።