ካሲኖው «አልከፍልም» ሲል፦ ያሸነፋችሁትን ገንዘብ ለማስለቀቅ እንዴት መከራከር ይቻላል?

መጀመሪያ ጊዜ አንድ የኦንላይን ካሲኖ 640 ዩሮ የከለከለኝ በአንድ ዩሮ ሰበብ ነው። ቦነስ፣ ማለትም ካሲኖው ለመጫወቻ የሚጨምረውን ገንዘብ፣ ወስጄ ነበር። ቦነሱ ተወራርዶ እስኪያልቅ ድረስ በአንድ ዙር ከ5 ዩሮ በላይ ማስያዝ እንደማይቻል ደንቡ ውስጥ ተጽፏል። እኔ አንዴ ብቻ 6 አስያዝኩ። ጨዋታው ምንም ሳይል ተቀበለኝ። ገንዘቡን ላውጣ ስል ግን ያቺ 6 ዩሮ ከስንት መቶ ዙር መሃል ተለቅማ ወጣች። ቻቱ ላይ «ሌቦች!» ብዬ ጻፍኩ፣ አካውንቴ ተዘጋ፣ ያስገባሁት ተመለሰልኝ፣ ያሸነፍኩት ቀረ።

ከዓመት በኋላ ሌላ ካሲኖ ተመሳሳይ ነገር ሞከረብኝ፤ ያን ጊዜ ግን ከፈለኝ። አንድ ጥያቄ ይዤ እስኪሰለቻቸው ነዘነዝኳቸው፦ የትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ውርርድ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሚደረግ ነው።

1. እጃችሁን ሰብስቡ

ገንዘብ የማውጣት ጥያቄያችሁ ውድቅ ከተደረገ ወይም ከዘገየ ጀምሮ በዚያ አካውንት አንድ ዙር እንኳ አትጫወቱ። «በመጠባበቅ ላይ» የሚለው ገጽ አጠገብ ብዙ ጊዜ «ጥያቄውን ሰርዝ» የሚል አዝራር አለ። እዚያ የተቀመጠው ለእናንተ አዝኖ አይደለም። ሦስት ቀን ስጠብቅ አራተኛው ቀን ላይ ተጭኜው፣ ገንዘቡ ወደ መጫወቻው ተመልሶ በአንድ ምሽት አልቋል። የጉዳዩን ክፋት የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን አይቶ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ይህን አዝራር ከልክሏል። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ግን እንዳለ ነው።

2. ማስረጃ ሰብስቡ፣ ዛሬውኑ

አካውንት ሲዘጋ የጨዋታ ታሪኩም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ከመናደድ በፊት ቅዱ፦ ቀሪ ሂሳቡን፣ የማውጣት ጥያቄውን ከነቁጥሩ፣ ገንዘብ ያስገባችሁበትን ታሪክ፣ የውርርድ ታሪኩን፣ የቦነሱን ማስታወቂያ፣ የደንቡን ገጽ ሙሉውን። ለደንቡ ስክሪንሾት አልወድም፤ ሠላሳ ቁራጭ ሥዕል ማንም አያነብም። ገጹን በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ ቀኑና አድራሻው አብሮ ይታተማል። ካሲኖው ደንቡን በኋላ ቀይሮት እንደሆነ ከጠረጠራችሁ፣ የድሮ ገጾችን የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ የቀድሞውን ቅጂ ሊይዝ ይችላል። የሚገዛችሁ ቦነሱን በወሰዳችሁበት ቀን የነበረው ደንብ ነው ብላችሁ ተከራከሩ።

ከዚህ በኋላ የምታወሩት በኢሜይል ይሁን። ላይቭ ቻት ለጠያቂ ይፈጥናል፣ ለተከራካሪ ግን አይረባም፤ ሰውዬው ይቀያየራል፣ የተባለው ይጠፋል።

3. የማንነት ሰነድ

የሚጠይቁት ከሞላ ጎደል ያው ነው፦ መታወቂያ፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የአድራሻ ማስረጃ፣ የከፈላችሁበት ካርድ ወይም የዋሌት (የኦንላይን ክፍያ አካውንት) ገጽ። የሰነዱ አራቱም ማዕዘን ይታይ፤ ካርዱ ላይ መጀመሪያ ስድስቱንና መጨረሻ አራቱን ቁጥር ትታችሁ መሃሉን ሸፍኑ፣ የጀርባውን ሦስት ቁጥርም እንዲሁ። የሌላ ሰው ካርድ ተጠቅማችሁ ከሆነ ክርክሩ ከባድ ነው፤ ሳትዋሹ ተናገሩ።

ዛሬ አንድ ወረቀት፣ ነገ ሌላ እየጠየቁ ካመላለሷችሁ «የቀረውን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ላኩልኝ» በሏቸው። በብሪታንያ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ጠንካራ መከራከሪያ አላችሁ፦ ቀደም ብሎ ሊጠይቀው ይችል የነበረውን መረጃ ገንዘብ ስታወጡ እንደ ቅድመ ሁኔታ ማቅረብ አይችልም።

4. ምክንያቱን በጽሑፍ አውጡት

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። የመጀመሪያው መልስ ሁሌም ጭጋግ ነው፦ «ደንባችንን ጥሰዋል»፣ «ያልተለመደ አጨዋወት ታይቷል»፣ «የደኅንነት ክፍላችን ወስኗል»። በጭጋግ ላይ መከራከር አይቻልም። ብዙዎች ግን ይከራከራሉ፤ ስለ ታማኝነታቸው ሦስት ገጽ ይጽፋሉ፣ ካሲኖው ሁለት መስመር ይመልሳል፣ ሳምንታት ያልፋሉ።

እኔ የላክሁት ይህን ነበር፦ «የማውጣት ጥያቄዬን ውድቅ ያደረጋችሁበትን የደንብ አንቀጽ ቁጥር፣ አንቀጹን ጥሷል የምትሉትን ውርርድ መለያ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገንዘቡን መጠን እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ።» ሌላ ቃል የለበትም። መልሱ በድጋሚ ጭጋግ ከሆነ ያንኑ ደብዳቤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ «ለሁለተኛ ጊዜ» የሚል ጨምራችሁ ላኩ። እኔ አራቴ ላክሁት።

መልስ ሲመጣ ደግሞ ካልኩሌተር ያዙ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመወራረጃ ግዴታ ነው፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መወራረድ ያለባችሁ ድምር ማለት ነው። 100 ዩሮ ቦነስ በ35 እጥፍ ማለት 3,500 ዩሮ መወራረድ ነው። እጥፉ የሚሰላው በቦነሱና ባስገባችሁት ድምር ላይ ከሆነ፣ 100 አስገብታችሁ 100 ቦነስ ብታገኙ ግዴታው 7,000 ይሆናል። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው፤ ካሲኖዎችም ራሳቸው አንዳንዴ ያምታቱታል። ከዚህ ሌላ የጨዋታው ድርሻ አለ፦ ውርርዱ ከግዴታው ላይ ስንት በመቶ እንደሚቆጠር። ስሎት (የሚሽከረከር ማሽን ጨዋታ) አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ይቆጠራል፤ ሩሌትና ብላክጃክ ግን 10 በመቶ ብቻ ወይም ጭራሽ ምንም ላይቆጠሩ ይችላሉ። በ10 በመቶ ሂሳብ ያንን 3,500 ለመሙላት 35,000 ዩሮ ማሽከርከር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስህተቱ የእናንተ ሆኖ ካገኛችሁት ቶሎ እወቁት፤ እኔ 6 ዩሮዬን ቀድሜ ብፈትሽ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ አልፈጅም ነበር። ስህተታችሁ የአንዲት ውርርድ ከሆነ ክርክሩ ወደ ተመጣጣኝነት ይዞራል፦ ያቺ አንዲት ዙር ምንም ካላስገኘች ድሉ ሁሉ ለምን ይሰረዛል? አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ለእኔ አልሠራም፤ ተሳድቤ ነበርና የሚሰማኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ዓይነት «ድርብ አካውንት» ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ዋይፋይ ሁለት ወንድማማቾች ቢጫወቱ ሲስተሙ አንድ ሰው ናቸው ይላል። የሁለታችሁን መታወቂያና የየራሳችሁን የክፍያ መንገድ አቅርቡ። ቪፒኤን (የምትገኙበትን አገር የሚደብቅ ፕሮግራም) ከነበረ ግን ከየትኛው አገር እንደተጫወታችሁ ማስረዳት የእናንተ ሸክም ነው።

«ያልተለመደ አጨዋወት» የሚለው ለእኔ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ትርጉሙ ደንቡ ውስጥ ካልተዘረዘረ ማንኛውንም ነገር ሊያካትት ይችላልና። የእኔ ሁለተኛ ጉዳይ ይህ ነበር። አልናገርም ሲሉ የአውሮፓን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ተጠቀምኩ፤ ጂዲፒአር ይሉታል። በዚህ ሕግ ሥር ያለ ድርጅት ስለ እናንተ የያዘውን መረጃ፣ የውርርድ መዝገባችሁንም ጨምሮ፣ ስትጠይቁ በመሠረቱ በአንድ ወር ውስጥ በነፃ መስጠት አለበት። መዝገቡ ሲመጣ «ያልተለመደ» የተባለው ውርርድ የተደረገው ቦነሱ ካለቀ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የነበረው ክርክር አጭር ነው።

5. ቅሬታና ፈቃድ

አሁን መደበኛ ቅሬታ ጻፉ፤ ርዕሱ ላይ «ቅሬታ» የሚለው ቃል ይኑር፣ አለዚያ እንደ ተራ ጥያቄ ይቆጥሩታል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀኖች፣ መጠን፣ የጠቀሱት አንቀጽ፣ ለምን እንደማይሠራ፣ የምትጠይቁት ድምር። ስድብ የለም፣ የቤት ችግር የለም።

በዚህ መሃል ፈቃዱን አጣሩ። ከገጹ ግርጌ ያለውን ማኅተም አትመኑት፤ ሥዕል ማንም ይለጥፋል። የፈቃድ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ተቆጣጣሪው የራሱ መዝገብ ሂዱና የድረ ገጹ አድራሻ በትክክል እዚያ መኖሩን እዩ። አንድ ካሲኖ ሁለት ሦስት ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ እናንተን የሚመለከተው የምትጫወቱበትን አገር የሚሸፍነው ነው።

ብሪታንያ ውስጥ ካሲኖው ቅሬታችሁን ለመጨረስ 8 ሳምንት አለው። ካለፈ፣ ወይም የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው ካለ፣ ጉዳዩ ወደ ገለልተኛ ዳኛ ይሄዳል፤ አይባስና ኢኮግራ ከእነዚህ መሃል ናቸው፣ ተጫዋቹም አይከፍልም። ኮሚሽኑ ራሱ የግለሰብ ክርክር አይዳኝም፤ ለእሱ የሚጻፍ ደብዳቤ ገንዘብ አያስመልስም፣ ቢሆንም ጻፉ፣ ፈቃዱን ሲመረምር ይጠቅመዋል። በማልታ ፈቃድ ከሆነም ወደ ገለልተኛ ዳኛ መሄድ ይቻላል። ኩራሳዎ ለረጅም ጊዜ ዋና ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ኩባንያዎች ለሌሎች ንዑስ ፈቃድ የሚያከራዩባት ደሴት ነበረች፤ ቅሬታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንከባለል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ታኅሣሥ አዲስ ሕግ ወጥቶ ፈቃዱ በቀጥታ ከተቆጣጣሪው እንዲሰጥ ተደርጓል።

ፈቃድ ጨርሶ የሌለው ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፦ የሚዳኛችሁ የለም። ሁለት ሦስት ደብዳቤ ጽፋችሁ ተዉት።

6. ባንክ

ያስገባችሁትን በካርድ አስመልሱ የሚሉ አሉ። ይህ ያሸነፋችሁትን አያመጣም፤ የሚመለከተው ያስገባችሁትን ብቻ ነው፣ ጊዜውም ብዙ ጊዜ 120 ቀን አካባቢ ነው። ተጫውታችሁ የተበላችሁትን «አላውቀውም» ብላችሁ ማስመለስ ማጭበርበር ነው፣ ገለልተኛ ዳኛው ፊት ያለ ጉዳያችሁንም ያበላሻል። በክሪፕቶ ከከፈላችሁ ይህ በር የለም።

7. ሁለተኛው ወጥመድ

ክርክራችሁን በየቦታው ስትጽፉ «ገንዘብህን አስመልሳለሁ» የሚል ሰው መልእክት ይልካል። ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ ሌባ ነው። ካሲኖው ራሱ «ገንዘቡ እንዲለቀቅ መጀመሪያ ግብር ክፈል» ካለ ደግሞ ከመጀመሪያውም ካሲኖ አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሪ ሂሳብ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ሳንቲም አትጨምሩ።

የእኔ ክፍያ የመጣው በሰባተኛው ሳምንት፣ በሁለት ተከፍሎ፣ ምንም ማብራሪያ ሳይኖረው ነው። አካውንቱን በዚያው ቀን አዘጋሁ። የመታወቂያዬን ቅጂ አጥፉልኝ ብዬም ጻፍኩ፤ በገንዘብ ማጠብ መከላከያ ሕግ ምክንያት ለ5 ዓመት እንይዘዋለን ብለው መለሱ። ይህን እንኳ የሕጉን አንቀጽ ጠቅሰው ነበር።