ብረት ለብሶ ሲሚንቶ የሚመስል ገጸ ባሕሪ

ሮቦትና የጠፈር ተጓዥ መሳል የሚማሩ ልጆች ሥዕላቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ ቅሬታቸው ያው ነው፦ «ንድፉ አሪፍ ነበር፣ ቀለም ስቀባው ተበላሸ።» ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ የብረት ልብሱ ብረት አይመስልም። እንደ ሲሚንቶ ደብዝዞ ቁጭ ይላል።

ምክንያት፦ ሁሉንም ግራጫ ቀብቶ ጠርዙን በጥቁር ቀስ እያሉ ማጥቆር። ግራጫ ስለተቀባ ብረት አይሆንም! የሚያብረቀርቅ ብረት ዙሪያውን ያለውን ነገር መልሶ የሚያሳይ ነው። ማንኪያ አንሱና ጀርባውን እዩት። ጥቁር ሰንበር አለ፤ ወዲያው ከጎኑ ነጭ ይመጣል። ቀስ ብሎ የሚሸጋገር ግራጫ እምብዛም አታገኙም።

መፍትሄ፦ ከቀለም በፊት ገጸ ባሕሪው የት እንደቆመ ወስኑ። ሰማያዊ ሰማይ ሥር ከሆነ ወደ ላይ የዞረው ብረት ሰማያዊ ይሆናል፣ ወደ መሬት የዞረው የመሬቱን ቀለም ይይዛል፣ በመሐላቸው ጠቆር ያለ ሰንበር ይገባል። ክንድ ላይ ሰንበሮቹ በቁመቱ ይወርዳሉ፤ ትከሻና ሄልሜት ላይ ክቡን ተከትለው ይጎብጣሉ። ነጩን ቦታ ከመጀመሪያው ሳትነኩ ተዉት። ጥቁር ላይ ነጭ እርሳስ ብትፈትጉ ወረቀቱ ነጭነቱን አይመልስም። በታብሌት የምትሠሩ ደግሞ ለስላሳውን ብሩሽ ለጊዜው እርሱት፤ ጠርዙ ጥርት ያለውን ያዙ።

አንድ ልጅ ሮቦቱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ እንደገና ቀብቶት መጣ። ወረቀቱ ተልጦ ፀጉር አውጥቷል። ችግሩ የቀለም ማነስ መስሎት ትልቅ የባለቀለም እርሳስ ስብስብ ገዝቷል። ሁሉንም አስቀመጥንና ጥቁር ሰማያዊ፣ ውሃ ሰማያዊና ቡናማ ብቻ ይዘን ትከሻውን በአዲስ ወረቀት ሠራን። ትከሻው ብረት ሆነ። ከአሮጌው ሥዕል አጠገብ ሲያስቀምጠው ዝም ብሎ ቆየና «ነጩን ነው የጨረስኩት» አለ። ልክ ነበር።

ሌላዋ ልጅ ደግሞ ጨረቃ ላይ የቆመች የጠፈር ተጓዥ ሳለች። ሰንበሮቹ ቆንጆ ናቸው፣ ግን ሄልሜቱ አናት ላይ ሰማያዊ አድርጋለች። ጨረቃ ላይ ሰማዩ በቀንም ጥቁር ነው፤ ብርሃን የሚመልሰው ከእግሯ ሥር ያለው የጨረቃ መሬት ነው። አናቱን አጠቆርን፣ አገጩን አበራን፣ በቃ ጨረቃ ላይ ቆመች። ማርስ ከሆነ ደግሞ የቀኑ ሰማይ ከአቧራው የተነሳ ወደ ቡናማ ቢጫ ይሄዳል፤ ሰማያዊ የሚታየው ፀሐይ ስትጠልቅ በፀሐይዋ ዙሪያ ነው።

ስትጨርሱ በስልክ ፎቶ አንሱትና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ጥቁሩን ፈርታችኋል።

ምልክት፦ ቢጫው ቆሽሾ አረንጓዴ ይመስላል። የንድፉ እርሳስ ከሥር ተቀላቅሎ ነው። ከመቅባታችሁ በፊት መስመሩን በጭንቅ እስኪታይ ድረስ በላጲስ አሳሱት። አትፈትጉ፤ ጫን ጫን አድርጋችሁ አንሱት።

ምልክት፦ ቀለሙ አይደራረብም። ወረቀቱ ነው። ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ አራት ድርብ ቀለም መጠበቅ ልፋት ማባከን ነው። ከ160 ግራም በላይ ፈልጉ። ሲጫኑት የሚቧጭር፣ ቀለሙ ሳይሆን ሰሙ ብቻ የሚቀር እርሳስም አለ፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትያዙት።

ማርከርና እርሳስ ከቀላቀላችሁ ማርከሩ ይቅደም። ደግሜ ልበለው፣ ማርከሩ ይቅደም! የእርሳሱ ሰም የማርከሩን ጫፍ ይደፍነዋል። ከሥር ትርፍ ወረቀት አንጥፉ፣ ያሳልፋል።

መብራቱ ወይም ዓይኑ ካልበራ ዙሪያውን አጥቁሩ፤ መሐሉን ወደ ነጭ አቅርቡ፣ ቀለሙን ጠርዙ ላይ አድርጉ።

የብርሃኑ አቅጣጫ ከሄልሜት ወደ ጫማ ከተለዋወጠባችሁ ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀስት ሳሉ፤ ቀስቱን የምታጠፉት ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው።