ተሟጋች ድርጅቶች ዌብሳይትና ማኅበራዊ ሚዲያ ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የብዙ ተሟጋች ድርጅት የኮሙኒኬሽን ዕቅድ የሚጀምረው "በሳምንት ስንት ፖስት እናውጣ?" ከሚል ጥያቄ ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ነው። ውሳኔው በማን እጅ ነው? ያ ሰውስ የማንን ቃል ይሰማል?

"ለሕዝቡ" ብሎ ማቀድ

ትልቁ ስህተት ይኼ ይመስለኛል። ዊልቸር የሚጠቀሙ ሰዎች አውቶቡስ መሳፈር እንዲችሉ የሚሟገት ድርጅት እንውሰድ። መወጣጫ ያላቸው አውቶቡሶች የሚገዙት ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው በጀቱ ለውይይት የሚቀርብበት ቀን ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል። የተሳፋሪዎቹ ታሪክ መቼ ይውጣ? ፊርማ ማሰባሰቡ መቼ ይጀመር? ለምክር ቤት አባላት የሚላከው የአንድ ገጽ ማብራሪያስ? በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሚለቀቅ ቪዲዮ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሁሉን ነገር ፌስቡክ ላይ መጣል

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል በአንድ ላይ ተቋርጠው ነበር። ሌላ መንገድ ያላዘጋጀ ድርጅት በዚያን ቀን ለደጋፊዎቹ ጥሪ ማድረግ አይችልም ነበር። ሰነዱና የኢሜይል መመዝገቢያው በራሳችሁ ዌብሳይት ላይ ይሁን። ዶሜይኑም (የዌብሳይቱ አድራሻ) በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ከተመዘገበ፣ እሱ ሥራ የለቀቀ ቀን ጣጣ ነው። ለፔጁም ከአንድ በላይ አድሚን መድቡ።

ማስታወቂያን ለመጨረሻ ሰዓት መተው

የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ በብዙ አገሮች የማኅበራዊ ጉዳይ ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥና ማን እንደከፈለ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ጭራሽ አቁሟል።

ባለታሪኳን መርሳት

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጥቃት የደረሰባትን ሴት ፊቷን ብቻ ብዥ አድርጎ ማውጣት አይበቃም። ድምፅዋ፣ የልጇ ዩኒፎርም፣ ከጀርባዋ ያለው በር ማንነቷን ሊያጋልጥ ይችላል። በስልክ የተነሳ ፎቶም የተነሳበትን ቦታ መረጃ በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ዌብሳይት ላይ ከመጫኑ በፊት መረጃው ይጥፋ። ፈቃዷን ስትጠይቁ ፎቶው የት እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚቆይ በግልጽ ንገሯት። ሐሳቧን ብትቀይር ከዌብሳይታችሁ ታነሱላታላችሁ፤ ሰው ሼር ያደረገውን ግን መሰብሰብ አትችሉም። ይህንንም ከመፈረሟ በፊት ትስማ። ብታመነታ ፎቶው ይቅር።

ላይክ ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ

ለቦርዱ የሚቀርበው ሌላ ቁጥር ነው፦ ስንት ሰው ፈረመ፣ ስንቱ ለተመራጩ ደብዳቤ ጻፈ፣ ከምክር ቤቱስ ስንት መልስ መጣ።